ጋላክሲ ኤ56፣ ፒክስል 9ኤ ወይስ ሬድሚ ኖት 14 ፕሮ ፕላስ፦ የትኛው ከምኑ ላይ ቀነሰ?

መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ የሚሠራ ኩባንያ የግድ ከሆነ ቦታ ይቀንሳል። ሁሉንም አሟልቶ ቢሠራውማ ዋጋው ከውዶቹ ጋር እኩል ይሆን ነበር። ስለዚህ "የትኛው ይበልጣል?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም። "ይሄኛው ከምኑ ላይ ቀነሰ? የቀነሰበት ነገር እኔን ይጎዳኛል ወይ?" ማለት ይሻላል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። ማስታወቂያውማ ጭራሽ።

ለንጽጽር የወሰድኳቸው ሦስት ናቸው፤ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ56፣ የጉግል ፒክስል 9ኤ እና የሻኦሚ ሬድሚ ኖት 14 ፕሮ ፕላስ። ሦስቱም ለዓለም ገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ዋጋቸው እንደየቦታው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያም ሆኖ ገዢዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያማርጧቸው ስልኮች ናቸው። ሬድሚውን ስትጠይቁ "ፕላስ" የምትለዋን እንዳትረሱ። ፕላስ የሌለው 14 ፕሮ ሌላ ስልክ ነው።

ስክሪን እና አካል

ስክሪን ላይ ብዙ አንከራከርም። ሦስቱም ኦሌድ (ጥቁሩ ጠልቆ፣ ቀለሙ ደምቆ የሚታይበት የስክሪን ዓይነት) ናቸው፤ ሦስቱም በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ይታደሳሉ። ጽሑፍ ስታንሸራትቱ ሁሉም ለስላሳ ናቸው። የመጠን ልዩነት ግን አለ። ሳምሰንጉ 6.7 ኢንች ነው፣ ሬድሚው 6.67፣ ፒክስሉ 6.3። በአንድ እጅ መጻፍ የለመደ ሰው ፒክስሉን ሲይዝ ወዲያው ይገባዋል። ፊልም የሚያይበት ደግሞ ሁለቱን ትልልቆች ይመርጣል።

የሬድሚው ስክሪን ጠርዙ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ሲያዩት ያምራል። ግን ስክሪን ፕሮቴክተር ማስለጠፍ ራስ ምታት ነው፤ ጠርዙ ጋ አይያዝም፣ አቧራ ያስገባል። እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ ቀጥ ያለ ስክሪን እወስዳለሁ።

ጉግል የቀነሰው መስታወቱ ላይ ነው። ፒክስል 9ኤ የተሸፈነው በጎሪላ ግላስ 3 ነው፤ ይህ መስታወት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ሳምሰንጉ ጎሪላ ግላስ ቪክተስ ፕላስ፣ ሬድሚው ደግሞ ቪክተስ 2 አላቸው። የፒክስሉ ጀርባ ፕላስቲክ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ አላየውም። ፕላስቲክ ሲወድቅ እንደ መስታወት በቀላሉ አይሰበርም፣ ከቨር ውስጥ ከገባ ደግሞ ማንም አያየውም።

ውሃ መቋቋምን በተመለከተ ሳምሰንጉ አይፒ 67 ነው፤ ማለትም አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ሁለቱ ከዚያ ከፍ የሚለው አይፒ 68 ናቸው። በተግባር ለዝናብና ለፈሰሰ ሻይ ሁሉም ይበቃሉ። ግን ውሃ የገባበትን ስልክ ዋስትና በአብዛኛው አይሸፍነውም፤ ስለዚህ ለመዋኛ ገንዳ ፎቶ ብላችሁ አትሞክሩት።

ካሜራ፦ 200 ሜጋፒክስል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገዢ በብዛት የሚሸወደው እዚህ ነውና።

ሬድሚው ዋና ካሜራው 200 ሜጋፒክስል ነው። ሳምሰንጉ 50፣ ፒክስሉ 48። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሬድሚው አራት እጥፍ የበለጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሬድሚው በተለመደው አሠራሩ 16 ጥቃቅን ነጥቦችን አንድ ላይ አዋህዶ አንድ ነጥብ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የሚወጣው ፎቶ 12.5 ሜጋፒክስል ነው። ሳምሰንጉና ፒክስሉ አራት አራቱን ያዋህዳሉ፤ እነሱም የሚሰጧችሁ 12 ሜጋፒክስል አካባቢ ነው። ሦስቱም መጨረሻቸው አንድ ቦታ ነው ማለት ነው! 200ውን በሙሉ ማንሳት ይቻላል፤ ፋይሉ ግን በጣም ይከብዳል፣ ጥቅሙም ቀን በደንብ በበራ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚታየው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ፎቶውን ከሚያቀነባብረው ሶፍትዌር ነው። በዚህ ፒክስሉ ይቀድማል። ማታ ሲነሳበት፣ የሚሯሯጥ ሕፃን ሲነሳበት፣ ከኋላ ኃይለኛ ብርሃን ሲኖር የማይሳሳት እሱ ነው። ሌላም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ "ሪል ቶን" በሚለው ሥራው የጠቆረ ቆዳን መልክ በትክክል ለማንሳት ብዙ ደክሟል። ጠይሙን ሰው የማያነጣ፣ ጥቁሩንም ከጨለማው ጋር የማያመሳስል ካሜራ ለምንፈልግ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሬድሚው ቀን ላይ በጣም ጥሩ ነው፤ ዝርዝር ይይዛል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። የቀነሰው ከሌሎቹ ሌንሶች ነው። ሰፋ አድርጎ የሚያነሳው 8 ሜጋፒክስል ብቻ ሲሆን በቅርብ የሚያነሳው ደግሞ 2 ነው። ይህ ባለ 2ቱ የተቀመጠው "ሦስት ካሜራ" ለማለት ይመስለኛል። ሳምሰንግም ባለ 5 ሜጋፒክስሉን የቅርብ ካሜራ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው። ሰፊ ማንሻው ግን 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ይረባል። ፒክስሉ ሁለት ካሜራ ብቻ ይዞ መጥቷል፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ፒክስሉ በዋናው ካሜራ 4ኬን (ከተለመደው 1080 የጠራውን ቪዲዮ) በሰከንድ 60 ፍሬም ይቀርጻል፤ ሁለቱ 30 ላይ ያቆማሉ። በፊት ካሜራ ደግሞ ሳምሰንጉና ፒክስሉ 4ኬ ይቀርጻሉ፣ ሬድሚው ግን ከ1080 አያልፍም። ራሱን እየቀረጸ ለሚለጥፍ ሰው ይሄ ወሳኝ ነው።

ባትሪና ቻርጅ

የባትሪ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፦ ሳምሰንጉ 5000፣ ፒክስሉ 5100፣ ሬድሚው 5110 ሚሊ አምፒር ሰዓት። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ያውላሉ። የሚለያዩት ሲሞሉ ነው። ሬድሚው በ120 ዋት ይሞላል፤ ከባዶ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ውስጥ ያልቃል። ሳምሰንጉ በ45 ዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ፒክስሉ በ23 ዋት ይንቀራፈፋል፤ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው። ያለ ገመድ መሙላት የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በዝግታ።

መብራት ሲገኝ ቶሎ ሞልቶ መውጣት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ሬድሚውን ቢመርጥ አልከራከረውም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ያ ፍጥነት የሚገኘው ከራሱ ቻርጀር ጋር ነው። በሌላ ቻርጀር ስትሰኩት ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። ሳምሰንግና ጉግል ካርቶን ውስጥ ቻርጀር አይጨምሩም። ሬድሚው እንደየገበያው ይለያያል፣ ስለዚህ ካርቶኑ ተከፍቶ ይታይ። ቻርጀር ለብቻ የሚገዛ ከሆነ ዋጋውን ከስልኩ ጋር ደምሩት።

ፒክስል 9ኤ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር አለ። ባትሪው 200 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ ስልኩ የባትሪውን ቮልቴጅ በየደረጃው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህም እስከ 1000ኛው ዙር ይቀጥላል። ምክንያቱ ለባትሪው ደኅንነት ነው ይላሉ። ማጥፋት አይቻልም። ማለትም ከጊዜ በኋላ ስልኩ በአንድ ቻርጅ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል። ሰባት ዓመት አፕዴት እሰጣለሁ ለሚል ስልክ ይህ ትንሽ ይጋጫል። በመሃል ባትሪ መቀየርን ከአሁኑ አስቡበት።

ፍጥነት፣ ራም፣ ስቶሬጅ

ለቴሌግራም፣ ለዩትዩብ፣ ለባንክ አፕ ሦስቱም ከበቂ በላይ ናቸው። ፒክስሉ ያለው ፕሮሰሰር (ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕ) ቴንሰር ጂ4 ከውዱ ፒክስል 9 ጋር አንድ ነው። ሳምሰንጉ ኤክሲኖስ 1580፣ ሬድሚው ስናፕድራገን 7ኤስ ጄን 3 ይዘዋል። ከባድ ጌም ላይ ከሦስቱ ወደ ኋላ የሚቀረው ሬድሚው ነው። ጌም የማይጫወት ሰው ልዩነቱን አያየውም።

"8 ሲደመር 8 ራም" ሲሏችሁ ፈገግ በሉና እለፉ። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ ላይ የተቆረሰ ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም ጋር አይወዳደርም።

ስቶሬጅ ላይ ግን አትሸወዱ። ከሦስቱ አንዳቸውም የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ከዚያ በፊት የነበረው ጋላክሲ ኤ55 ነበረው፤ ኤ56 ላይ ሳምሰንግ አነሳው። ሳምሰንጉና ፒክስሉ ከ128 ጊጋባይት ይጀምራሉ፣ ሬድሚው ከ256። ከ128ቱ ላይ ሲስተሙ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የቀረውን የቴሌግራም ቪዲዮዎች ይጨርሱታል። ሁለትና ሦስት ዓመት ልትይዙት ካሰባችሁ 256ቱን ውሰዱ፤ በኋላ መጨመሪያ መንገድ የለም።

አፕዴት፦ ከተገዛበት ቀን አይቆጠርም

ጉግል ለፒክስል 9ኤ የሰባት ዓመት የአንድሮይድና የደኅንነት አፕዴት ቃል ገብቷል። ሳምሰንግ ለኤ56 ስድስት ዓመት። ሬድሚው ከሁለቱም ያነሰ ነው። እንደኔ ለብዙ ሰው የሬድሚው ትልቁ ቅናሽ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በገዙበት ቀን አይታይም። የሚታየው ከዓመታት በኋላ አፖች "ስልክዎ አሮጌ ነው" ማለት ሲጀምሩ ነው። ስልኩን በየሁለት ዓመቱ ለሚቀይር ሰው ግን ምንም ትርጉም የለውም፤ ለማይጠቀምበት ነገር ምን አስከፈለው?

ዓመቱ የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት ጊዜ ነው። ፒክስል 9ኤ ዛሬም ግዙት በሚቀጥለው ዓመት፣ አፕዴቱ የሚያበቃው እ.ኤ.አ. በ2032 ነው። ኤ56 በ2031። ስለዚህ የቆየ ሞዴል በቅናሽ ሲቀርብላችሁ ስንት ዓመት እንደቀረው ቆጥራችሁ ዋጋውን አመዛዝኑ። አንዳንዴ የቆየ ውድ ስልክ ከአዲስ መካከለኛ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ለምሳሌ ሰባት ዓመት ተገብቶለታል፤ ዋጋው ወርዶ ካገኛችሁት ከኤ56 በፊት እዩት።

ስለ ሶፍትዌሩ ካነሳን፣ ሬድሚው በራሱ አፖች ውስጥ ማስታወቂያ ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ገንዘብ ከፍዬ ለገዛሁት ስልክ ለምን እኔ ልልፋ? ሳምሰንጉ የማትፈልጓቸውን አፖች ጭኖ ይመጣል። ፒክስሉ ንጹሕ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፒክስሉ አንድ ሲም ካርድ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ሁለተኛው ኢሲም (ካርድ ሳይገባ በሶፍትዌር የሚጫን ሲም) ነው። ኦፕሬተራችሁ ኢሲም ከሌለው ሁለት መስመር መያዝ አትችሉም። ሬድሚው ሁለት ሲም ያስገባል፣ ሳምሰንጉም በአብዛኛው ገበያ እንደዚያው። ጉግል ደግሞ ፒክስልን በይፋ የሚሸጠው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ አንዳንድ የኔትወርክ አገልግሎቶች ላይሠሩ ይችላሉ፣ መለዋወጫና ጥገናም ይቸግራል። ይህ ለብቻው ሳምሰንጉን ሊያስመርጥ የሚችል ምክንያት ነው።

ሬድሚው ላይ ያለው ወጥመድ የባሰ ነው። በቻይና የሚሸጠው ሬድሚ ኖት 14 ፕሮ ፕላስ በስም አንድ ሆኖ በሥራ ሌላ ስልክ ነው፤ ባትሪው 6200፣ ቻርጁ 90 ዋት፣ ዋና ካሜራው 50 ሜጋፒክስል፣ ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስም አለው። ባትሪና ሌንስ ላይ ከግሎባሉ (ከቻይና ውጭ ለዓለም ገበያ ከተሠራው) ይበልጣል፤ ግን የጉግል አገልግሎቶችን እንደ ግሎባሉ አያሟላም። "ግሎባል ነው" ብሎ ሻጩ ሲምል አይበቃም። ስልኩ በርቶ፣ ፕሌይ ስቶር ተከፍቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ የሞዴል ቁጥሩ ይታይ። *#06# ደውሉና የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ አረጋግጡ።

እንግዲህ እኔን "አንዱን ምረጥ" ካላችሁኝ፦ ፒክስል በይፋ በሚሸጥበት ቦታ ካላችሁ ፒክስል 9ኤ፣ ባለ 256ቱ። ከሌላችሁ ጋላክሲ ኤ56። ሬድሚው ፈጣን ቻርጅና ሰፊ ስቶሬጅ ለሚፈልግ፣ ቶሎም ለሚቀይር ሰው ነው፤ ለአምስት ዓመት ብዬ ግን አልገዛውም።

ገዝታችሁ ስትገቡ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ፈትሹት። ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ምስል ከፍታችሁ ስክሪኑን እዩ። ሁለቱንም ሲሞች ደውሉባቸው። በሁሉም ሌንስ ፎቶ አንሱ፣ ድምፅ ቅዱና አዳምጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ አትደንግጡ፤ አፖችና ፎቶዎች ከኋላ እየወረዱ ነው። ሳምንት አልፎም ካልተስተካከለ ግን መልሱት። ሳምሰንጉና ፒክስሉ ላይ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ አለ፤ ቤት ወይም ቢሮ የምትውሉ ከሆነ አብሩት፣ መንገድ ስትወጡ አጥፉት።