ያረጀ የሮቦት ክንድ በአዲስ ሶፍትዌር፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

በገላን፣ በዱከምና በአቃቂ ቃሊቲ ያሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖች ያገለገለ የሮቦት ክንድ ለማስመጣት ሲያስቡ ጥያቄያቸው ሁሉ ስለ ክንዱ ነው፦ ስንት ኪሎ ያነሳል? ስንት ሜትር ይደርሳል? ስንት ዓመቱ ነው? የክንዱ ብረትና ጊር ግን ብዙውን ጊዜ ኮንትሮለሩ (ክንዱን የሚያዘው የኮምፒውተር ሣጥን) ካረጀም በኋላ ይሠራል። ገንዘብዎ ሥራ ላይ መዋሉን ወይም ጥግ ይዞ አቧራ መጠጣቱን የሚወስነው ያ ከክንዱ ጎን የሚቆመው ሣጥን ነው። ላፕቶፕ ላይ የተዘጋጀ ፕሮግራም በምን በኩል ይገባዋል? ንጽጽሩ ከዚህ ይጀምራል።

በቅድሚያ ግን፣ ሶፍትዌር ጨርሶ የማያስፈልገው ሰው አለ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የበር ፍሬም ወይም የወንበር እግር የሚበይድ ከሆነ፣ አንድ ሠራተኛ በእጅ መቆጣጠሪያው (በፔንዳንቱ) ነጥቦቹን አንዴ ቢያስተምረው ይበቃል። ሶፍትዌር የሚያዋጣው ዲዛይኑ ቶሎ ቶሎ ለሚቀያየር፣ ወይም እንጨትና ፎም በጠመዝማዛ ቅርጽ ለሚቀርጽ ነው።

የአምራቹ ሶፍትዌር ወይስ የሁሉም ብራንድ?

የሮቦት አምራቹ ኤቢቢ የራሱ ሶፍትዌር የሆነው ሮቦት ስቱዲዮ ትልቁ ጥቅሙ የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር ራሱን ኮምፒውተር ላይ ማስኬዱ ነው። ስክሪኑ ላይ የታየው እንቅስቃሴ ወለሉ ላይ ከሚሆነው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ የሚፈጀው ሰዓት ሳይቀር። ዛሬ የሚሸጠው ሮቦት ስቱዲዮ ግን ይህን የሚያደርገው እ.ኤ.አ. በ2004 ለወጣው አይአርሲ5 ለተባለው ኮንትሮለር እና ከዚያ ወዲህ ላሉት ነው። በርካሽ የሚገኙት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በፊት የነበሩት የኤስ4 ቤተሰብ ኮንትሮለሮች ናቸው።

እንደ ሮቦ ዲኬና ሮቦትማስተር ያሉት የየትኛውም ብራንድ ሶፍትዌሮች መንገዱን በራሳቸው አስልተው፣ ፖስት ፕሮሰሰር በሚባል ክፍል ወደ ሣጥኑ ቋንቋ ይለውጡታል። የሮቦ ዲኬ ፖስት ፕሮሰሰሮች ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለተጻፉ ኮድ የሚችል ልጅ ለአሮጌው ሣጥን እንዲስማሙ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ጉድለታቸው፣ እውነተኛው ኮንትሮለር በማዕዘን ላይ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚቀንስ በትክክል አያሳዩም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ፣ ጣት ከማቆሚያው ሳይርቅ ነው። ክፍያው በዶላር ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ከዓመታዊ ኪራይ ይልቅ አንዴ ከፍለው የሚገላገሉበት ላይሰንስ ካለ እሱን ይምረጡ።

ሣጥኖቹ ጎን ለጎን

ምርጫው የእኔ ቢሆን የኩካ ኬአርሲ2ን እወስዳለሁ። ውስጡ ያለው ተራ ፒሲ ነው፣ ፕሮግራሞቹ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ የሚነበቡ ናቸው፣ የኋለኞቹ ሞዴሎች ፍላሽ ይቀበላሉ። ከእሱ የሚቀድመው ኬአርሲ1 በዊንዶውስ 95 የሚሄድ ባለ ፍሎፒ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ብቻ። የሁለቱም ደካማ ጎን ሃርድ ዲስኩ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያደርጉ ባትሪዎች ሣጥኑ ውስጥ አሉ፤ እነሱ ከሞቱ በእኛ ሰፈር የመብራት ጠባይ ዲስኩ ብዙ አይቆይም። ባትሪዎቹን ይቀይሩ፣ የዲስኩንም ሙሉ ቅጂ ያስቀምጡ።

የኤቢቢ ኤስ4ሲ ፕላስም ጽሑፍ ነው የሚያነበው። ራፒድ የሚባለው ቋንቋው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኤቢቢ ሮቦቶች ላይ ስለቆየ፣ በአዲሱ የተማረ ልጅ አሮጌው አይከብደውም። ፍሎፒውን በፍላሽ የሚተካ ትንሽ መሣሪያ ገበያ ላይ አለ። ሜሞሪው ግን ጠባብ ነው፤ ለብየዳ ይበቃል፣ ብዙ ሺህ ነጥብ ላለው የቅርጽ ሥራ ግን ፕሮግራሙን እየቆራረጡ ማስገባት ግድ ነው።

ፋኑክ አር-ጄ3 በጥንካሬው የሚታማ አይደለም፤ በሶፍትዌር በኩል ግን ስስታም ነው። ፕሮግራሙን የሚይዘው ወደ ማሽን ቋንቋ በተለወጠ ፋይል ስለሆነ፣ ጽሑፍ እንዲቀበል የሚያደርገው አማራጭ ሣጥኑ ላይ ካልተገዛ መጀመሪያ በፋኑክ የኮምፒውተር ፕሮግራም መለወጥ አለበት። ሌላም ጣጣ አለው፦ ክንዱ የመገጣጠሚያዎቹን አቋም የሚያስታውሰው ሥሩ ባሉ አራት ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋዮች ነው። ዕቃው በመርከብና በሞጆ ደረቅ ወደብ ወራት ሲቆይ እነሱ ካለቁ፣ ክንዱ ሲደርስ እንደገና መለካት ይኖርበታል። የያስካዋ ሞቶማን በአመዛኙ ነጥቡን የሚይዘው በሚሊ ሜትር ሳይሆን በሞተሮቹ የምት ቁጥር ነው፤ ፖስት ፕሮሰሰሩ የክንድዎን ትክክለኛ ሞዴል ካላወቀ አይሆንም።

ሻጮች የማይነግሩት አንድ ጉዳይ አለ። ብሮሹሩ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ያ ክንዱ የተማረውን ነጥብ ሲደግም ያለው ልዩነት ነው። ኮምፒውተር አስልቶ የሰጠውን ነጥብ ግን አሮጌ ክንድ በሚሊ ሜትሮች ሊስት ይችላል። የሰፈሩ ሰው በጨለማም ቤቱን ያገኛል፣ አድራሻ በወረቀት የተሰጠው እንግዳ ግን በር ይስታል። ለአጥር በር ብየዳ ችግር የለውም፤ ለትክክለኛ ቀዳዳ ሥራ ግን የመሣሪያው ጫፍና ጠረጴዛው በጥንቃቄ ካልተለኩ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንዎትም።

ሣጥኑን ጥሎ አዲስ መሥራት

ሦስተኛው መንገድ ክንዱን ብቻ አስቀርቶ ሞተሮቹን በአዲስ ድራይቭ (ለሞተሩ ኃይል በሚመጥን መቆጣጠሪያ) እና እንደ ሊነክስ ሲኤንሲ ባለ ነፃ ሶፍትዌር መንዳት ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ይሁን እንጂ ስድስት ድራይቭ፣ የፍሬን መቆጣጠሪያና የደህንነት ማቋረጫ ነፃ አይደሉም። የኤቢቢና የኩካ አሮጌ ሞተሮች ሪዞልቨር (የሞተሩን አቋም የሚለካ ክፍል) ስላላቸው ያንን የሚያነብ ድራይቭ ማግኘት ይቻላል፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራው የፋኑክ ኢንኮደር ግን በራሱ ቋንቋ ስለሚናገር ከሌላ ድራይቭ ጋር አይግባባም። ቂሊንጦ እንዳለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ላለ ቦታ ግሩም የተማሪ ፕሮጀክት ይሆናል። ትዕዛዝ ተቀብሎ ቀን ቆጥሮ ለሚያስረክብ ወርክሾፕ ግን አልመክረውም።

ከመክፈልዎ በፊት

የእኛ መስመር 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከጃፓን ፋብሪካ የወጣ በ200 ቮልት ሦስት ፌዝ፣ ከአሜሪካ የመጣ በ480 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል የትራንስፎርመሩን ዋጋ ከአሁኑ ይደምሩ። ብዙ አምራቾች የሣጥኑን ሙሉ አቅም የሚያረጋግጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ እኛ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያዎቹ ንጹሕ ይሁኑ፣ ክንዱንም በመጨረሻ ጭነቱ አያሠሩት።

ሻጩን የሣጥኑን ስም ሰሌዳ ፎቶ፣ የተገዙ አማራጮችን ዝርዝርና ክንዱ በፔንዳንት ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠይቁት። ሣጥኑ ከመነቀሉ በፊትም ሙሉ ባክአፕ በፍላሽ ወስዶ ይላክልዎት። ፔንዳንቱ ወይም በክንዱና በሣጥኑ መካከል የሚዘረጋው ኬብል የጎደለ ከሆነ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይለፉት።