ያገለገለ የስቴፐር ድራይቭ፦ የቱን ልግዛ?

አሮጌ ቶርኖ ወይም ሚሊንግ ማሽን ወደ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ ማሽን) ለመቀየር ያሰበ ሰው ስቴፐር ድራይቭ፣ ማለትም ሞተሩን እርምጃ በእርምጃ የሚያዞረውን መቆጣጠሪያ፣ ሲያማርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው አምፔሩ ላይ ነው። ለአዲስ ዕቃ ልክ ነው። ያገለገለ ላይ ግን እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይሄ ድራይቭ ሲበላሽ በምን ያስታውቃል? ደህና መሆኑንስ ከመክፈሌ በፊት ማወቅ እችላለሁ?

ስለዚህ ከምርጫው በፊት ፍተሻው ይቅደም። ፓወር ሳትሰጡት ቴስተራችሁን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ የፓወሩ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ ያዙና በቀዩ አራቱን የሞተር መውጫዎች ተራ በተራ ንኩ። ከዚያ ቀዩን ኔጌቲቩ ላይ አድርጉና አራቱን በጥቁሩ ድገሙ። ስምንት ንባብ ታገኛላችሁ። ሁሉም 0.5 ቮልት አካባቢ ሆነው ከተቀራረቡ የውስጡ ሞስፌቶች (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ከረንት የሚያበሩና የሚያጠፉ ትራንዚስተሮች) ሾርት አልሆኑም። አንዱ እንኳ ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ሻጩ «ትናንት ሲሠራ ነበር» ቢል እንኳ ተዉት።

የፐልስ መግቢያው፣ ማለትም ሞተሩን «ተራመድ» የሚለው ምልክት የሚገባበት፣ ግን በዚህ አይታወቅም። ብዙዎቹ መግቢያዎች የተሠሩት ለ5 ቮልት ነው። 24 ቮልት ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ከገባበት ኦፕቶካፕለሩ (ምልክቱን በብርሃን ወደ ውስጥ የሚያሻግረው ክፍል) ይቃጠላል። እንዲህ ያለው ድራይቭ ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ፐልስ ሲላክለት ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩን መያዙ ብቻ አያሳምናችሁ። ሲዞር እዩት፣ በሁለቱም አቅጣጫ።

አሁን ወደ ምርጫው። ቲቢ6600 በየቦታው የሚገኝ፣ ርካሽ ድራይቭ ነው። ስሙ የቶሺባ ቺፕ ስም ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቲቢ67ኤስ109 የሚባል ሌላ የቶሺባ ቺፕ ነው። ይሠራል፤ ይሁንና ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 4 አምፔር ቀኑን ሙሉ ይሸከማል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ከ3 አምፔር በላይ አልጭንበትም። ለትንሽ የእንጨት ራውተር ይበቃል፣ ለብረት ግን አልመክረውም። የሞተር ትራንዚስተሮቹ ሁሉ ያሉት አንድ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ከተቃጠለ ጥገናው አያዋጣም።

የሊድሻይን ኩባንያ ዲኤም542 ከ20 እስከ 50 ቮልት ይሠራል፣ እስከ 4.2 አምፔር ይሰጣል። ያገለገለ ስገዛ የማደላው ወደዚህ ነው። ምክንያቱም ሕመሙን ራሱ ይናገራል። ቀዩ መብራት አንዴ ብልጭ እያለ ከተደጋገመ ከመጠን ያለፈ ከረንት አለ፤ ሁለቴ ከሆነ ቮልቴጁ በዝቷል። ሞተር ሳይገጠምለት ገና ፓወር ሲያገኝ አንዴ አንዴ ብልጭ ካለ ችግሩ ከራሱ ነው። ሞተሩ ሲገጠም ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ገመዱንና ሞተሩን ጠርጥሩ። ሻጭ «ትንሽ ደክሟል» ብሎ ዋጋ የሚቀንስበት ጊዜም አለ። ሞተሩ ሲቆም ጉልበቱ የሚቀንሰው አራተኛው ዲፕ ስዊች (ድራይቩ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ማብሪያዎች አንዱ) የማቆሚያውን ከረንት ግማሽ ስላደረገው ሊሆን ይችላል። ስዊቹን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሳይነገር የተገኘ ቅናሽ ነው!

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠበት ዲኤም542 አይተርፍም። ደግሞም «ዲ» የሌለው ኤም542 የቀድሞው አናሎግ ሞዴል ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ይንገጫገጫል። ሞተራችሁ ትልቅ ከሆነ ዲኤም860ን እዩ፣ እስከ 80 ቮልትና 7.2 አምፔር ይሄዳል።

ከጌኮድራይቭ ኩባንያ ጂ201 እና ጂ203ቪ በአቅም እኩል ናቸው፦ 80 ቮልት፣ 7 አምፔር፣ 10 ማይክሮስቴፕ (አንዱን እርምጃ አሥር ቦታ ይከፍላሉ)። ያገለገለ ሲሆን ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ጂ203ቪ የሞተሩ ገመድ ሾርት ቢሆን ራሱን ያድናል። የድሮው ጂ201 ያ መከላከያ የለውም፤ ፓወር ላይ እያለ ሞተሩን መንቀል ብቻ ይገድለዋል። ከረንቱ የሚወሰነው በውጭ በሚገጠም ሬዚስተር ስለሆነ ሬዚስተሩ ሳይኖር ሲሸጥ አትደንግጡ። የምትፈልጉትን አምፔር በ47 አባዙ፣ ከ7 ላይ ያንኑ አምፔር ቀንሳችሁ በተገኘው አካፍሉ፤ መልሱ በኪሎ ኦም ነው። ለ3.5 አምፔር ሞተር 47 ኪሎ ኦም ይሆናል።

በየትኛውም ድራይቭ ሞተሩ ሳይዞር ባለበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፌዝ (ከሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች የአንዱ መስመር) ጠፍቷል። ድራይቩን ከመኮነናችሁ በፊት ፓወር አጥፉና ጤነኛ መሆኑን የምታውቁትን ሞተር ግጠሙለት። ቮልቴጁንም ጫፍ ድረስ አትለጥጡት። ሞተር በድንገት ሲቆም ጉልበቱን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይመልሳል፤ ለ50 ቮልት ድራይቭ 36 ቮልት መልካም ነው።

ከአሮጌ ማሽን የተነቀሉ የኦሪየንታል ሞተር ኩባንያ ባለ አምስት ፌዝ ድራይቮችም ያጋጥማሉ። ሲዞሩ ልስላሴያቸው ያስቀናል። እርምጃቸው 0.72 ዲግሪ ነው፣ በአንድ ዙር 500፤ የተለመደው ባለ ሁለት ፌዝ ሞተር 200 ነው። ተራ ሞተር አይገጠምባቸውም። ሞተሩ ከነገመዱ አብሮ ካልመጣ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።