ፕሮክስሞክስ በሦስት ሰርቨር፣ ዲስኩ ደግሞ በኔትወርክ፦ ከዓመት በላይ ተጠቅመንበት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ፕሮክስሞክስ ያዋጣል ወይ?" የሚል ጥያቄ በዛብኝ። ፕሮክስሞክስ አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር፣ ማለትም እንደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ያዋጣል። እኛ መሥሪያ ቤት ከዓመት በላይ ሠርቶልናል፣ ወደ ኋላም የምንመለስ አይመስለኝም። ግን ከሶፍትዌሩ በፊት ስለ ኬብልና ስለ ስዊች አስቡ። ለምን እንደምል ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

ያለን ነገር ይኸው፦ ሦስት ያገለገሉ ሰርቨሮች በፕሮክስሞክስ አንድ ክላስተር፣ ማለትም አብሮ የሚሠራ አንድ ቡድን፣ ሆነዋል። የቨርቹዋል ማሽኖቹ ዲስክ ግን እነሱ ላይ የለም። ትሩናስ የሚባል የስቶሬጅ ሲስተም የተጫነበት አራተኛ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው፣ ሦስቱም በኔትወርክ ያዩታል። የሒሳብ ሶፍትዌሩም የፋይል ሰርቨሩም በዚሁ ክላስተር ላይ ነው የሚሠራው።

ወደዚህ ያመጣን ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሚሸጠውን ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛው። ወር ሳይሞላ አንዴ ከፍለው ለሁልጊዜ የሚጠቀሙበት ላይሰንስ መሸጡ ቀረ፣ በየጊዜው የሚከፈል ብቻ ሆነ። እኛ አገር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ሰማይ ነካ። ፕሮክስሞክስ የቪየና ኩባንያ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ፣ ደቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመ፣ ኮዱም ክፍት ነው። ክላስተሩ፣ ማሽን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወሩ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው መተካቱ፣ ሁሉም ያለ ክፍያ ይሠራል። የሚከፈለው ድጋፍና ይበልጥ የተፈተኑ አፕዴቶች ለሚፈልግ ነው። ሂሳቡም በዓመት በሲፒዩ ቁጥር ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። በፍላሽ አስነስታችሁ ጥቂት ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ በብሮውዘር በፖርት 8006 ትገባላችሁ። አዲስ ሰው የሚደነግጠው መጀመሪያ አፕዴት ሲያደርግ ነው፣ ስህተት ያወጣልና። ምንም አልተበላሸም፣ ሲጫን የተከፈተው ለከፋዮች ብቻ የሆነው የአፕዴት ማከማቻ ስለሆነ ነው። እሱን ዘግታችሁ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ክፈቱ። በገባችሁ ቁጥር "ሰብስክሪፕሽን የላችሁም" የሚል ማሳሰቢያ ይወጣል፣ ያንን ልመዱት።

ክላስተር መሥራቱም እንዲሁ። አንዱ ላይ ፈጥራችሁ ኮዱን ኮፒ ታደርጉና ሌሎቹ ላይ ትለጥፋላችሁ። የሚገባው ሰርቨር ላይ ግን ምንም ቨርቹዋል ማሽን መኖር የለበትም። ስሙንና አይፒውንም አስቀድማችሁ ጨርሱት፣ በኋላ መቀየሩ ራስ ምታት ነው።

"ሁለት ሰርቨር ብቻ ቢኖረኝስ?" ለምትሉ፣ የዕድር ስብሰባን አስቡት። ኮረም ካልሞላ ውሳኔ የለም። ክላስተርም እንደዚያው ነው። ከሦስት አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ኮረም ይሞላሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። ከሁለት አንዱ ቢወድቅ ግን የቀረው ብቻውን ግማሽ ድምፅ ነው፣ ብዙኃን አይደለም፣ ስለዚህ አዲስ ማሽን ማስነሳትም ቅንብር መቀየርም እምቢ ይላል። መፍትሔው ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ሦስተኛ ትንሽ ኮምፒውተር ማከል ነው፣ ኪውዲቫይስ ይሉታል፣ ራስፕበሪ ፓይ የሚባለው ሚጢጢ ኮምፒውተርም ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ዲስኩ የጋራ ሲሆን ማሽን ሲዛወር የሚጓዘው ራሙ ብቻ ነው። ሒሳብ ክፍል ሥራ ላይ እያለ ቨርቹዋል ማሽናቸውን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውሬ የነበረበት ሰርቨር ላይ ራም ጨምሬበታለሁ፣ ማንም አላወቀም። ይህን ማየት እስካሁን ደስ ይለኛል። ሰርቨር በድንገት ሲሞት ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ሌላው ላይ እንደገና ቡት አድርጎ ይነሳል እንጂ ካቆመበት አይቀጥልም። ይህን አስቀድማችሁ ለአለቃችሁ ንገሩ።

ሰርቨሮቹ የትሩናሱን ዲስክ በኔትወርክ ከሚያገኙባቸው መንገዶች እኛ ኤንኤፍኤስን መረጥን፣ ቅንብሩ ቀላል ነው፣ ስናፕሾትም (የማሽኑን ሁኔታ ባለበት መዝግቦ በኋላ ወደዚያ መመለስ) ይሠራል። ሌላው መንገድ፣ አይስካዚ ኤልቪኤም ከሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ጋር፣ ስናፕሾት አልነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የፕሮክስሞክስ ስሪት 9 ነው የመጣው፣ እሱም ለሙከራ ተብሎ።

መጀመሪያ ኤንኤፍኤሱ ቀርፋፋ ሆነብን። ምክንያቱ ትሩናስ ዳታውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሲስተም ነው። "ጽፌያለሁ" የሚለው በእርግጥ ዲስክ ላይ ሲያርፍ ነው፣ ተራ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለዚህ ዘገምተኛ ነው። ኢንተርኔት ላይ "ሲንኩን (ይህን ዲስክ ላይ እስኪያርፍ መጠበቁን) አጥፉት፣ ይፈጥናል" የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን መብራት ድርግም ሲል "ተጽፏል" የተባለው ዳታ ራም ላይ እንዳለ ይጠፋል፣ ዳታቤዝ ይበላሻል። እባካችሁ እኛ አገር ይህን አታድርጉ። መብራት ሲቋረጥ ዳታ የማይጥል ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ለመጻፊያ ሎግ (ዳታው ዋናው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ለሚመዘገብበት ቦታ) ስጡት። እኛ ይህን ስናደርግ ልዩነቱን ሠራተኛው ራሱ ነው የነገረን።

ኬብሉ ጋ ስንደርስ፣ ይህ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያስከፈለን ነው። በጀት ጠቦን ሁሉንም ነገር፣ ስቶሬጁንም፣ ሠራተኛውንም፣ ሰርቨሮቹ "አለህ?" "አለሁ" የሚባባሉበትንም፣ አንድ ባለ 1 ጊጋቢት ስዊች ላይ ሰካነው። 1 ጊጋቢት በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ነው፣ ለሦስቱም ለባክአፑም ጭምር። አንድ ጠዋት ስንገባ ሦስቱም ሰርቨሮች ሌሊት ራሳቸውን ሪስታርት አድርገዋል። መብራት መስሎን ዩፒኤሱን ስንፈትሽ ዋልን፣ እሱ ግን ደህና ነው። ሎጉ ውስጥ ነው ያገኘነው። የሌሊቱ ባክአፕ መስመሩን ሲያጨናንቀው ኮሮሲንክ፣ ማለትም ሰርቨሮቹን "አለህ?" "አለሁ" የሚያባብላቸው ፕሮግራም፣ የሚልካቸው መልእክቶች ዘገዩ፣ እያንዳንዱ ሰርቨር "ሌሎቹ ሞተዋል፣ ኮረም የለኝም" ብሎ ደመደመ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ የሚያደርገው ቅንብር በርቶ ሳለ ደግሞ ኮረም ያጣ ሰርቨር 60 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሁለት ሰርቨር አንድ ዲስክ ላይ እንዳይጽፉ ነው የሚያደርገው። ትክክለኛ ሥራውን ነው የሠራው፣ ጥፋቱ የኬብል አዘረጋጋችን ነበር።

ኮሮሲንክ ሰፊ መስመር አይፈልግም፣ የማይዘገይ መስመር ነው የሚፈልገው፣ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በታች። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ርካሽ ስዊች ገዛን፣ ለስቶሬጁ ደግሞ ያገለገሉ የ10 ጊጋቢት ካርዶች ፈልገን አስገባን። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተደገመም።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ዩፒኤስ ለሰርቨሮቹ ብቻ ሳይሆን ለስዊቾቹም ይድረሳቸው። መብራት ሲመለስም ትሩናሱ ከሰርቨሮቹ በፊት መነሳት አለበት፣ አለዚያ ማሽኖቹ ዲስካቸውን አጥተው ሳይነሱ ይቀራሉ። ፕሮክስሞክስ ማሽኖቹን ከማስነሳቱ በፊት እስከ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቅንብር አለው፣ ተጠቀሙበት።

የዚህ አሠራር ትልቁ ድክመት ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ሦስት ነው፣ ስቶሬጁ ግን አንድ ነው። ትሩናሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ሴፍ የሚባለው የስቶሬጅ ሶፍትዌር ዳታውን በሰርቨሮቹ ዲስኮች ላይ አባዝቶ ያስቀምጣልና ይህ ችግር የለበትም፣ ግን በየሰርቨሩ ጥሩ ኤስኤስዲና ቢያንስ የ10 ጊጋቢት መስመር ይፈልጋል፣ የእኛ በጀት ገና እዚያ አልደረሰም። እስከዚያው ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የሚባለውን የባክአፕ ሶፍትዌር ሌላ ሕንፃ ውስጥ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭነናል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ማሽን ከባክአፕ እንመልሳለን፣ እስኪነሳም ቆመን እናያለን።