ሴት ልጆች ሽማግሌ ሲሆኑ፦ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የቴአትር ትምህርት

መሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ባለ አንድ የካቶሊክ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ ከመደበኛው የትምህርት ሰዓት በኋላ በክፍያ የቴአትር ትምህርት ይሰጣል። ልጄ በዚህ ትምህርት ውስጥ ስለቆየች፣ ለማስመዝገብ የሚያስቡ ወላጆችን ይጠቅም እንደሆነ በማለት ያየሁትን እጽፋለሁ። ተማሪዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ በመሆናቸው የትምህርት ቤቱንም ሆነ የመምህሩን ስም አልጠቅስም። በእኔ ግምት ትምህርቱ ከሚከፈልበት ገንዘብ በላይ ነው፤ የማማርረው በመምህሩ ሳይሆን ትምህርቱን ዙሪያውን በያዘው የአስተዳደር ልማድ ነው።

ወንድ ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ቴአትር ሲሠራ አባትየውም፣ ዳኛውም፣ ወታደሩም፣ ሙሽራውም ሴት ልጅ መሆኗ የግድ ነው። በአገራችን መድረክ ታሪክ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ አስናቀች ወርቁ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ተብላ ስሟ የሚነሣው ይህ ልማድ በእሷ ስለተሰበረ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ለሴት ልጅ የማይሰጥ ገጸ ባሕርይ የለም። ወንዶችና ሴቶች አብረው በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ክበባት ውስጥ ሴቶቹ ቡና አፍይና አልቃሽ ሆነው ሲቀሩ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ይህ ብቻውን ለምዝገባ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ዕድሉ ግን የሚሠራው የሚያስተምር ሰው ሲያውቅበት ነው። መምህሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የተማሩ ሰው ናቸው። ወንድ በመሆናቸው በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት በልምምዱ ሰዓት አንዲት ሲስተር ከክፍሉ ጀርባ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። ወላጆች ልምምድ እንዲያዩ በተፈቀደበት አንድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ የሚሠሩት ልጅ ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሌዎችን ታሪክ ነበር። የሽማግሌዎቹን ዋና የምትጫወተው ልጅ ከጥጥ የተሠራ ጢም ለጥፋ፣ ከዘራ ይዛ፣ ጎብጣና ድምፅዋን አጎርንና ገባች፤ እኛም ወላጆቹ ሳቅን። መምህሩ አልሳቁም። ጢሙን አስነቅለው፣ ከዘራውን ተቀብለው፣ ጋቢውን ብቻ ተዉላት። «ድምፅሽን አታወፍሪው። ሽማግሌ አይቸኩልም፤ ሲናገር የሚያቋርጠው ሰው እንደሌለ ያውቃል። ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› የምትዪው የሙሽራዋ አባት እንዲጨነቅ ነው» አሏት። ልጅቷ ወጥታ እንደገና ገባች። ቀና ብላ ቆመች፤ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ቤቱን ዙሪያውን አየች፤ ዝም አለች። የሙሽራዋን አባት ሆና የምትጫወተው ተማሪ ዝምታው ሲረዝምባት በጽሑፉ ላይ የሌለውን «ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ» አንዴ፣ ከዚያም ድጋሚ አለች። ሲስተርም ከደብተሩ ቀና አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጄ እቤት ውስጥ ክርክር ስትጀምር ጋቢ የለበሰች ይመስለኛል፤ ይህንንም ወላጆች አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ሁለተኛው የመምህሩ ጥንካሬ አማርኛ ማስነበባቸው ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ሌላውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ የተውኔት ጽሑፍ ሲሰጣቸው እንደ ማስታወቂያ በአንድ ትንፋሽ ይወርዱበታል። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ማንም ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዷ ተማሪ የራሷን ክፍል ጮክ ብላ እያነበበች፣ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ፣ ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታም ጭረት ታደርጋለች። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጄም «ድራማ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሰዋስው ነው» ብላ አጉረምርማለች። ውጤቱ ግን በአማርኛ ፈተናዋ ሳይቀር ታይቷል። መምህሩ ተማሪዎቹን በ1948 ዓ.ም. ወደተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ወስደው፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ከመድረኩ ላይ ሆነው የመጨረሻው ረድፍ እስኪሰማ እንዲናገሩ አድርገዋቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለውን ጉብኝት ቢያዘወትር መልካም ነበር።

ወደ ቅሬታዬ ስመጣ፣ ጽሑፈ ተውኔቱ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ለቢሮ ቀርቦ በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል። ስድብና ብልግና መውጣቱን አልቃወምም። ነገር ግን ከላይ በጠቀስኩት የሽምግልና ታሪክ ውስጥ ሙሽራውና ሙሽራዋ ተዋድደው እንደሆነ የሚያመለክተው ቃል ሁሉ ስለተሰረዘ፣ ተመልካቹ ሁለቱ ሰዎች ለምን እንደሚጋቡ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ተመልሷል። የዚህ ዓይነቱ ስጋት አዲስ እንዳልሆነ እረዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1689 ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ራሲን «አስቴር» የተባለውን ተውኔት የጻፈው በሳን ሲር ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጃገረዶች ሲሆን፣ በተውኔቱ ያለውን ንጉሥ ሳይቀር የተጫወቱት እነሱው ነበሩ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ማዳም ደ ማንትኖን ራሷ ያዘዘችው ሥራ ቢሆንም፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ልጃገረዶቹን ለማየት መጋፋታቸው ስላሳሰባት በ1691 የቀረበው ተከታዩ ተውኔት ያለ ልዩ ልብስና ያለ መድረክ ጌጥ እንዲታይ ተደረገ። ልብ ማለት የሚገባው ግን የቀነሰችው ጌጡን እንጂ ታሪኩን አለመሆኑን ነው። እዚህ የሚቆረጠው ታሪኩ ነው።

ከሳንሱሩ ይልቅ ያስቆጣኝ ሌላ ደንብ አለ። የአንዲት ተማሪ የሩብ ዓመት ውጤት ዝቅ ካለ ከቴአትሩ ትታገዳለች፤ ቦታዋም ውጤቷ ጥሩ ለሆነ ተማሪ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ወታደሩን ለወራት ስታጠና የቆየች ልጅ፣ ትዕይንቱ ሲቃረብ በሒሳብ ውጤቷ ምክንያት ከአዳራሹ ስትወጣ አይቻለሁ። የተተካችው ልጅ ቃሉን አጥንታ መጣች፤ ሌሎቹ ግን መቼ እንደሚዞሩ፣ የት እንደሚቆሙ የለመዱት ከመጀመሪያዋ ጋር ስለነበር መድረኩ ላይ ተጋጩ። ቅጣቱ የወደቀው በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ አልነበረም። ለርእሰ መምህርቷ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ በትሕትና ተቀብለውኛል፤ ደንቡ ግን አልተለወጠም።

አዳራሹም የራሱ ጣጣ አለው። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ሥራ የሚታየው በወላጆች ቀን፣ በሰኔ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ያ ሁሉ የትንፋሽ ጭረትና የእርሳስ ነጥብ ዋጋ አጣ። አንድ ማይክሮፎን ተገኝቶ መሀል ላይ ሲቆም፣ ሽማግሌዎቹ፣ አባትየውና ሙሽራው በተራ ወደ እሱ እየቀረቡ መናገር ጀመሩ፤ ቴአትሩም ዜና ንባብ መሰለ። ትዕይንቱን ወደ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከፋሲካ በኋላ ማምጣት የሚከብድ አይመስለኝም። በዐቢይ ጾም ልምምዱ እንደማይቋረጥና ሰዓቱ ግን ቀደም እንደሚል ተነግሮናል፤ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ተማሪዎች ስላሉ በዚህ ረገድ አስተዳደሩ አስተዋይ ነው። ልጆቹ መንፈሳዊ ትዕይንት ላይ እንዲሳተፉም አይገደዱም።

ክፍያው ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ጋር በየሩብ ዓመቱ የሚከፈል ሲሆን፣ እዚያው ከሚሰጠው የፒያኖ ትምህርት ያነሰ ነው። አልባሳት በክፍያው ውስጥ ስለማይካተቱ ጋቢ፣ ካፖርትና የአባት ኮፍያ ከየቤቱ ይመጣል፤ ስም ጽፎ መስጠት ይገባል፣ የእኛ ጋቢ እስካሁን አልተመለሰም። ምዝገባው በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲሆን ቦታው ቶሎ ይሞላል። ከመመዝገባችሁ በፊት በውጤት ምክንያት የሚታገዱ ተማሪዎች የከፈሉት ገንዘብ ይመለስላቸው እንደሆነ ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኔ በቃል ጠይቄ ያገኘሁት መልስ በየጊዜው ይለያያል።