ፍላት ቲቪ ለገዛችሁ፦ ለሰርግ ዲቪዲ የትኛው ዴክ ይሻላል?

ፍላት ቲቪ የገዛ ዘመድ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ይደውልልኛል። "በቲቪው ሳይሸውዱኝ አልቀሩም፤ የሰርጋችን ዲቪዲ ደብዝዞ ነው የሚታየው" ይላል። ቲቪው ምንም አልሆነም። ዩቲዩቡ ጥርት ብሎ ይታይ የለ? ጥፋቱ ከአልጋ ስር የወጣው የድሮ ዴክና ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ስለሆነ መልሴን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሬን ከፊት ልንገራችሁ። ከአረብ ሀገር የመጣ፣ ያገለገለ፣ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ወደ ቲቪ የሚልክ ቀዳዳ) ያለው ኦርጅናል ዴክ ግዙ። አዲሱን ርካሽ ዴክ ብር ካጠራችሁ ብቻ እዩት። የድሮውን ዴክ ከቲቪው ኤችዲኤምአይ ጋር የሚያገናኘውን፣ ኮንቨርተር የሚባለውን ትንሽ ሳጥን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ዲቪዲ በእኛ ሀገር በለመድነው ፓል በሚባለው አሠራር 720 በ576 ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ ቲቪ ደግሞ 1920 በ1080 ነው። አስሉት፤ ልክ አምስት እጥፍ ይመጣል። ዲስኩ ላይ ላለው አንድ ነጥብ ስክሪኑ አምስት ይፈልጋል ማለት ነው። የጎደለውን አራቱን አንድ ሰው መሙላት አለበት፤ ወይ ዴኩ፣ ወይ ቲቪው። ማን እንደሞላው በምስሉ ላይ በደንብ ያስታውቃል።

የባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ቢጫው ጃክ ደግሞ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ደባልቆ ነው የሚልከው። ቲቪው መልሶ አጥርቶ ሊለያቸው አይችልም። የሙሽራዋ እናት ነጠላ ላይ ያለው ቀይ ጥለት ወደ ነጩ ሲፈስ ያያችሁት ለዚህ ነው። ዴካችሁ ከኋላ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጃክ ካለው፣ ቲቪያችሁም ከተቀበለው፣ ሌላ ሳትገዙ በመጀመሪያ እሱን ሞክሩት። ኮምፖነንት ይባላል፤ ከቢጫው በብዙ ይሻላል። ድምፁን በነጭና በቀዩ የድምፅ ጃክ ለብቻው መሳብ እንዳትረሱ።

ወደ ዋጋ እንግባ። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የሚያዝ የሚጨበጥ አይደለም፤ ስለዚህ እኔ የተጠራልኝን ነው የምነግራችሁ። ኮንቨርተር 1,200 ብር። አዲስ ርካሽ ዴክ 3,000 አካባቢ። ያገለገለ ኦርጅናል በ6,000 ይጀምሩና ተከራክራችሁ 4,500 ላይ ይወርዳል። ያገለገለ ብሉሬይ (ከዲቪዲ በኋላ የመጣውን ዲስክ የሚያጫውት፣ ዲቪዲም የሚያነብ ዴክ) ከ8,000 በታች አላገኘሁም። በአዲሱ ርካሽና ባገለገለው ኦርጅናል መካከል ያለው የ1,500 ብር ልዩነት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ቆዩ።

ኮንቨርተሩን የአጎቴ ልጅ ገዝቶት ነበር። ላዩ ላይ 1080 ተጽፎበታል። የሚሠራው ግን ያንኑ የተበላሸውን የቢጫ ጃክ ምስል ተቀብሎ መለጠጥ ብቻ ነው። ብዙዎቹ በሴኮንድ 50 የሆነውን የእኛን ምስል ወደ 60 ስለሚቀይሩት ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር ምስሉ ይንገጫገጫል። ፊቱ ሁሉ ተለጥጦ ሙሽራው ጉንጩ አብጦ ይታያል። ቢጫውን በቀጥታ ቲቪው ላይ መሰካት ይሻለው ነበር! አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ሳጥን ሁለት ዓይነት ነው፣ ከኤቪ (ከባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ) ወደ ኤችዲኤምአይና ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ። መልካቸው አንድ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የተገላቢጦሹን ሰጥቶት ለመቀየር ሲሄድ "የተሸጠ እቃ አይመለስም" ተባለ።

አዲሱ ርካሽ ዴክ ኤችዲኤምአይ አለው። ቆሞ የሚያወራ ሰው ቢሆን ምስሉ ደህና ነው። ጉዱ የሚወጣው እስክስታው ሲጀመር ነው። የሰርግ ዲቪዲ ምስሉ የተቀረጸው አንዱ መስመር እየተዘለለ በሁለት ዙር ነው። ዴኩ ሁለቱን ዙር በአግባቡ ማዋሃድ ካልቻለ በሚንቀጠቀጠው ትከሻ ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል። ኦርጅናሎቹ ይህንን ነው በደንብ የሚሠሩት። እስክስታ የሌለበት የወሎ ሰርግ ካለ የ3,000 ብሩ ዴክ ይብቃችሁ።

ጥገናውም ሌላ ጣጣ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘሎ ይመጣል። የርካሹ ዴክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ እቃ) ያብጥና ዴኩ ቀይ መብራት ብቻ አብርቶ ይቀራል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም። እዚህ ደሴ ካፓሲተር መቀየር ቀላል ነው፤ ከነእጁ 400 ብር ከፍያለሁ። ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ግን መለዋወጫው 900፣ እጅ 300 ተባልኩ። ሁሉንም ከዴኩ 3,000 ጋር ደምሩት፤ ከኦርጅናሉ ዋጋ በላይ ሄዳችኋል። ኦርጅናሉስ አይበላሽም ወይ? ይበላሻል። ግን እኔ ቤት ያለው መብራቱን ሁሉ ችሎ እስካሁን አለ። የትኛውንም ብትገዙ፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት።

አሁን ተጠንቀቁ፤ "ኦርጅናል" የሚባለው ግማሹ ፎርጅድ ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ስመ ጥር የጃፓን ስም የተለጠፈበት ዴክ አሳዩኝ። ስታነሳው ባዶ ካርቶን ነው የሚመስለው። ከኋላ ኤችዲኤምአይ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀዳዳው ግን በፕላስቲክ ተደፍኗል። ለዚህ ነው 5,500 የጠራልኝ! ስለዚህ ገልብጣችሁ የኋላውን ጽሑፍ አንብቡ። የሞዴል ቁጥሩና የተሠራበት ሀገር ከሌለ ተዉት። ቮልቱ ከ110 እስከ 240 ወይም 220 የሚል ካልሆነም ተዉት። ከአሜሪካ የመጣው ብዙ ጊዜ 120 ብቻ ነው፤ እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይነዳል።

ሪሞት የሌለውንም አትግዙ። ሴታፑ (የዴኩ ማስተካከያ) የሚከፈተው በሪሞት ነው፤ የገበያው ሁለገብ ሪሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴታፕ ውስጥ አያስገባም።

የራሳችሁን የሰርግ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አጫውቱት። ኒካሁን ወይም ጥሎሹን አይታችሁ "ይሠራል" ብላችሁ እንዳትወጡ። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። የደከመ ሌንስ መጀመሪያውን ያነብና መጨረሻው ላይ ይንተባተባል። ዘላችሁ መልሱ ጋ ሂዱ። መልሱን ሳይቆራርጥ ካሳያችሁ ሌንሱ ደህና ነው።

ሪጅን የሚባለው፣ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ዴክ እንደሚጫወት የሚወስነው ቁጥር፣ ብዙ አያስጨንቅም። አብዛኛው አፍሪካ 5፣ አረብ ሀገራቱ 2 ናቸው። ፎቶ ቤት የተቃጠለ (በኮምፒውተር የተቀዳ) የሰርግ ዲስክ ሪጅን የለውም። የሚቸገረው ኦርጅናል የፊልም ዲስክ ያለው ሰው ነው።

ብሉሬይ ምስሉ ከሁሉም ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ሌንሱ ቢሞት የሚጠግንላችሁ የለም፤ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ነው የምትሄዱት። ፕሌይስቴሽን 3 ያለው ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን ምንም አትግዙ፤ ዲቪዲን አሳምሮ እስከ 1080 ያሳድጋል።

ቤት ስትደርሱ ሴታፑ ላይ የቲቪውን ቅርጽ 16 በ9 በሉት። የቲቪውን ሻርፕነስ (ጠርዝ ማጉያውን) ወደ ዜሮ አካባቢ አውርዱ፤ ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ የሚለውን አጥፉ። ርካሹን ዴክ ከገዛችሁ ደግሞ ውጤቱን 1080 ላይ አትተዉት። ወደ 576 ፒ (ዴኩ ሁለቱን ዙር አዋህዶ ሳያሳድግ የሚልከው) አውርዱና ማሳደጉን ለቲቪው ተዉለት። 576 አይ (ሁለቱን ዙር ሳያዋህድ የሚልከው) የሚል ካለ እሱንም ሞክሩ፤ መስመሮቹን ማዋሃዱንም ቲቪው ይረከበዋል።

ወደ ፍላሽ ማስገልበጥስ? ዲስኩ ሳይሞት መገልበጡ ግድ ነው፤ የተቃጠለ ዲስክ ዕድሜው አጭር ነው። ግን ገልባጩ "አሳንሼ" ካላችሁ እምቢ በሉ። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ስለማይገባ ነው ብዙዎቹ የሚጨምቁት። ሳይነካ ከፋፍሎ ይገልብጥላችሁ። የድሮ የመንዙማ ቪሲዲ ግን 352 በ288 ነው፤ እሱን የሚያድን ዴክ የለም። ድምፁን አዳምጡት።

የኤችዲኤምአይ ገመድ 400 ብር ነው የተጠራልኝ፤ ሁለት ሜትር ይበቃል። "ወርቅ ቅብ ነው፣ ምስል ይጨምራል" ብሎ 1,500 የሚጠይቅ አለ። ለዲቪዲ ምንም አይጨምርም። እንዲያውም የዴኩን ዋጋ ስትከራከሩ ገመዱን መርቅልኝ በሉት፤ ብዙ ጊዜ ይመርቃሉ።