«ዲኤንኤሱን አስተካክለናል» ሲሏችሁ ኢንተርኔት ስለከፈተ ብቻ እንዳትከፍሉ

ለቢሮ ኔትወርክ ጥገና የምትከፍሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህችን አንብቧት። ስሙን የማልጠራው አንድ የጥገና ድርጅት ያልሠራውን ሥራ አስከፍሎናል። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ማንም ላይ ሊደገም ይችላል።

ችግራችን እንዲህ ነበር። ፋይል ሰርቨሩ (የቢሮው የጋራ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) እና ፕሪንተሩ በስም ሲጠሩ አንዳንዴ ይገኛሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርክ ቁጥራቸው፣ ሲጠሩ ግን ሁሌም አሉ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት፣ ነው። ባለሙያው መጣ። በየኮምፒውተሩ ሁለተኛ ዲኤንኤስ ብሎ 8.8.8.8 አስገባ፣ ብራውዘር ከፍቶ «ይኸው ሠራ» አለ፣ ደረሰኝ ቆርጦ ሄደ።

ይሄ ጥገና አይደለም። 8.8.8.8 የጉግል ዲኤንኤስ ነው፤ የእናንተን ፋይል ሰርቨር ስም ከየት ያውቀዋል? ብዙ ሰው የመጀመሪያው ስሙን ካጣው ሁለተኛው ይፈልገዋል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጭራሽ ሳይመልስ ሲቀር ነው። «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ማለት ራሱ መልስ ነው፣ ኮምፒውተሩም እዚያው ያቆማል። ስለዚህ የውስጥ ሰርቨራችሁ ለአፍታ ሲዘገይ ጥያቄው ወደ ጉግል ይሄዳል፣ ጉግል «የለም» ይላል፣ ሠራተኛው ፋይል ጠፋብኝ ብሎ ይጮኻል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የሠራተኞችን መግቢያ ስምና ፓስወርድ በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ካላችሁማ ይብሳል፤ ኮምፒውተሮቹ ይህን የሚያስተናግደውን ሰርቨር፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩን፣ የሚያገኙት በዲኤንኤስ ነው።

ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ ደወልን። መልሱ «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ፣ የዓመት ውልም እንፈራረም» ሆነ። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ሰርቨሩ ጤነኛ ነበር! ጥፋቱ ለኮምፒውተሮቹ የአይፒና የዲኤንኤስ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ላይ ነበር፤ ከውስጥ ዲኤንኤሱ ጎን፣ የቢሮውን ስሞች የማያውቀውን የራውተሩንም አድራሻ ዲኤንኤስ ብሎ ያድል ነበር። ሰውየው ያደረገው አንዱን የማያውቅ በሌላ የማያውቅ መተካት ብቻ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ የውስጡን ዲኤንኤስ ብቻ ይጠይቁ። የውጭው አድራሻ የሚገባው የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ላይ፣ ፎርዋርደር ሆኖ ነው፤ ማለትም ሰርቨሩ ራሱ የማያውቀውን የኢንተርኔት ስም ወደዚያ ይጠይቃል። መጠባበቂያ ካስፈለገ ያንኑ ዞን (የቢሮውን ስሞች ዝርዝር) የያዘ ሌላ የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨር ይተከል።

ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያው ፊት፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ ኤንኤስሉክአፕ (nslookup፣ ዲኤንኤስን በቀጥታ የሚጠይቅ ትእዛዝ) ብላችሁ የፋይል ሰርቨሩን ስም ጻፉ። መልሱን የሰጠው የውስጥ ሰርቨራችሁ መሆኑን እዩ። ፒንግ (ping፣ መሣሪያው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ትእዛዝ) በስሙ እየሠራ ኤንኤስሉክአፕ «የለም» ካለ ስሙን ሆስትስ ፋይል (በየኮምፒውተሩ ውስጥ ስምና አይፒ በእጅ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ጽፈውላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ኤንኤስሉክአፕ ያንን ፋይል አያነብም። እንዲህ ከሆነ የሰርቨሩ አይፒ የተቀየረ ቀን ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ላይ ሰርቨሩን ያጣዋል። የአይፒ ቅንብሩንም አስከፍቱ፤ ዲኤንኤስ ከሚለው ሥር የውጭ አድራሻ ካለ ሥራው አላለቀም።

የለወጡትን ነገር ሁሉ በጽሑፍ፣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድም በእጃችሁ ተቀበሉ።