በክርክር ላይ ላለ ፍቺና የልጅ አሳዳጊነት፦ ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ወይስ የጥብቅና ድርጅት?

ባልና ሚስት በፍቺው፣ በንብረት ክፍፍሉና በልጆቹ አሳዳጊነት ሳይስማሙ ፍርድ ቤት ሲደርሱ፣ ጠበቃ ፈላጊው በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ብቻውን የሚሠራ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃን ወይም ብዙ ጠበቆች ያሉበትን የጥብቅና ድርጅት። ሁለቱን በዝና ሳይሆን በሐቀኝነት መመዘን ይገባል፤ ተከራካሪዎቹ ፍርዱ ከተሰጠም በኋላ በልጆቻቸው ጉዳይ መነጋገራቸው አይቀርምና።

ብቻውን የሚሠራው ጠበቃ ትልቁ ጥቅም፣ ጉዳይዎን ያደመጠው ሰው ራሱ ችሎት የሚቆም መሆኑ ነው። በአሳዳጊነት ክርክር ልጁን ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው የመሰሉ ዝርዝሮች ክብደት ስላላቸው፣ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ መሸራረፋቸው ይጎዳል። በአንጻሩ ቀጠሮዎች ሲደራረቡበት ወይም ሲታመም ማን እንደሚተካው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ድርጅት የሚመረጠው ጉዳዩ ሲወሳሰብ ነው፤ ለምሳሌ የንግድ ድርሻ መገመት ሲኖርበት ወይም ልጁ ድንበር ተሻግሮ ሲወሰድ። በሕገ ወጥ መንገድ ስለተወሰዱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሚጸናባቸው አገሮች መካከል ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን ይመለከታል፤ ጥያቄው ከአንድ ዓመት በኋላ ከቀረበና ልጁ አዲሱን አካባቢ መልመዱ ከተረጋገጠ ግን ላይመለስ ይችላል። እዚህ ላይ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ልምድ ያለው ቡድን ዋጋው ከፍተኛ ነው። የድርጅት ደካማ ጎን፣ በመጀመሪያው ቀን ያነጋገረዎት አንጋፋ ጠበቃ ሥራውን ለጀማሪ ሊያስተላልፍና ለአንድ ስብሰባ የብዙ ሰዎች ሰዓት ሊታሰብብዎት መቻሉ ነው። ስለዚህ ችሎት የሚቆመው ሰው ስም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በጥቅል የሚዋዋል ጠበቃ ወጪውን አስቀድመው እንዲያውቁ ያደርጋል፤ ሆኖም ይግባኝንና የጊዜያዊ ትእዛዝ አቤቱታን ያካትት እንደሆነ በግልጽ መስፈር አለበት። በሰዓት የሚያስከፍለው ደግሞ የሠራውን በዝርዝር የሚያሳይ ሒሳብ በየወሩ ሊሰጥዎት ይገባል። ከሚገኘው ንብረት በመቶኛ ልውሰድ የሚለውን እኔ አልመክርም፤ ባልና ሚስቱ ቢታረቁ ወይም በትንሹ ቢስማሙ የሚጎዳው እሱ ነውና። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ሞዴል ደንብም ፍቺን በማስገኘት ወይም በሚገኘው ቀለብና የንብረት ድርሻ መጠን ላይ የተመሠረተ ክፍያን ይከለክላል።

ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያውን ምክክር በጥንቃቄ ያዳምጡ። እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 የሕፃኑ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታይ፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ አስተያየት ለመስጠት የሚችል ሕፃን እንዲደመጥ ይደነግጋል። ውሳኔው በዳኛው እጅ ሆኖ ሳለ፣ የሌላውን ወገን መልስ ሳያይ «ልጆቹን አስፈርድልዎታለሁ» የሚል ጠበቃ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው፤ «ይህ ማስረጃዎ ደካማ ነው፣ ይህንንም ዳኛው ይጠይቅዎታል» የሚለው ግን ደስ ባያሰኝም ይጠቅማል። ገንዘብ ይደብቁ፣ ልጁን የሚናገረውን ያስጠኑት ወይም ያልተፈጸመ በደል ይጨምሩ የሚል ምክር ከሰሙ፣ ጠበቃው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ይተውት። ውሸቱ ሲጋለጥ ተዓማኒነቱን የሚያጣው ወላጁ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ግድ ነው። ስምምነትን የሚመርጥ ጠበቃ በአብዛኛው ወጪንም የልጆችንም ጭንቀት ይቀንሳል፤ በቤቱ ውስጥ ጥቃት ካለ ግን ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ተስማሙ ብሎ የሚገፋፋ ጠበቃ አደጋውን አላየም ማለት ነው። እንዲህ ባለው ጉዳይ ከጥቃት የሚከላከል የፍርድ ቤት ትእዛዝ በፍጥነት የሚጠይቀውን ይምረጡ።

ፈቃዱ የጸና መሆኑንና የዲሲፕሊን ቅጣት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ያጣሩ፤ የትዳር ጓደኛዎን ቀደም ሲል አማክሮ እንደሆነም ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ውሉ በመካከል ቢቋረጥ የፋይሉ ሰነዶች በስንት ቀን እንደሚመለሱልዎትና ያልተሠራበት ቅድሚያ ክፍያ እንዴት እንደሚታሰብ የሚገልጽ አንቀጽ ያስገቡ፤ ይህን አንቀጽ ለመጻፍ የሚያመነታ ጠበቃ ብቸኛም ይሁን ድርጅት አይፈረምለትም።